ዜሮ የሚል ፍርድ

ዛሬ ከለመድነው ርእስ ጥቂት ፈቀቅ ብዬ ስለ ቼዝ ልጽፍ ነው። ፈቀቅ ማለቴ ግን እምብዛም አያርቀኝም፤ የምናገረው ስለ ፍርድ ነውና።

የታላላቅ ውድድሮችን የቀጥታ ስርጭት የሚከታተል ሰው እንደሚያውቀው፣ ከሰሌዳው ጎን ነጭና ጥቁር ዘንግ ቆሞ አንድ ቁጥር ይነበብበታል። ቁጥሩን የሚያወጣው የቼዝ ኢንጂን ነው። 0.00 ካለ ጨዋታው አቻ ነው ማለት ነው። ቁጥሩ በተናጋ ቁጥር ተመልካቹ ሻዩን ፉት እያለ «ይህን እንዴት ሳተው?» በማለት በዓለም ሻምፒዮኖች ላይ ይፈርዳል። በእኔ እምነት ይህ ፍርድ ከሁሉ ይልቅ ግፍ የሚሆነው ሩክና አላፊ ወታደር በቀሩበት የጨዋታ ፍጻሜ ላይ ነው።

አላፊ ወታደር የምንለው፣ በፊቱም ሆነ በግራና በቀኙ ባሉት መስመሮች የሚያግደው የባላንጣ ወታደር የሌለውን ነው። መጨረሻው ረድፍ ከደረሰ ንግሥት ይሆናል። (በአባቶቻችን ሰንጠረዥ ይህ ሹመት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ወታደሩ የሚሾመው ፈርዝ ተብሎ ነው፤ ፈርዝ ደግሞ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ የሚራመድ ደካማ ነው።) በዘመናዊው ቼዝ ግን አንድ አላፊ ወታደር ሁለት ሩኮችን ሥራ ያስፈታል፤ አንደኛው ሊያሳልፈው፣ ሌላው ሊያስቀረው ይተጋል።

ለመሆኑ ኢንጂኑ እንዲህ ያለውን አቀማመጥ የሚመዝነው እንዴት ነው? አስቀድሞ እርምጃዎችን ወደ ፊት ይቆጥራል፤ ቆጠራው በሚያበቃበት ላይ ለአቀማመጡ ዋጋ ይሰጣል። ቆጠራውን የሚያሰናክለው የሩክ ጠባይ ነው። ሩክ ከሩቅ ሆኖ ንጉሡን ቼክ ይላል፤ አንዱ ቼክ ሲያበቃ ሌላው ይተካል፤ እያንዳንዱም የማይቀረውን ውጤት ወደ ፊት ይገፋዋል። ሐንስ በርሊነር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የአድማስ ችግር ሲል የሰየመው ይህንኑ ነው። ከአድማሱ ማዶ ያለው፣ ለማሽኑ እንደሌለ ይቆጠራል።

ዋጋ መስጠቱም ከዚህ አይቀልም። የቀድሞዎቹ ኢንጂኖች አላፊው ወታደር ወደ ፊት በሄደ ቁጥር ነጥብ ይጨምሩለት ነበር። ነገር ግን ፊሊዶር በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንዳሳየው፣ አንድ ወታደር የጎደለው ተከላካይ፣ ንጉሡ ከወታደሩ ፊት እስከቆመ ድረስ፣ ሩኩን ከራሱ በኩል በሚቆጠረው ሦስተኛው ረድፍ ላይ አቁሞ፣ ወታደሩ ያን ረድፍ ሲረግጥ ሩኩን ወደ ሰሌዳው ማዶ ወስዶ ከኋላ ቼክ እያለ አቻ ይወጣል። ነጥብ ቆጣሪው ብልጫ አለ ይላል፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። ተቃራኒውም አለ። ካፓብላንካ እ.ኤ.አ. በ1924 ኒውዮርክ ላይ ከታርታኮቨር ጋር ሲጫወት፣ ሁለት ወታደሮቹን እያስበላ ንጉሡን ወደ አላፊው ወታደር አጠገብ አዘመተ። እዚያም ሲደርስ አጠገቡ ያለውን የባላንጣ ወታደር አልበላም፤ ከሩኩ ቼክ እንዲከልለው በሕይወት ተወው። ያሸነፈውም በዚሁ ነው። ይህን በነጥብ የሚመዝን ሚዛን የት ይገኛል?

የስቶክፊሽ ጸሐፊዎች ይህን ጉድለት በማወቃቸው፣ የፊሊዶርን መከላከያ የመሳሰሉ ልዩ ሕጎችን በእጃቸው ጽፈው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ኒውራል ኔትወርክ ገባ፤ በ2023 በእጅ የተጻፈው ምዘና ጨርሶ ወጣ። ኢንጂኑ በረታ፤ ይህ አያከራክርም። ነገር ግን የድሮውን ሕግ ማንም ፊደል የቆጠረ ፕሮግራመር አንብቦ «ለምን?» ለሚለው መልስ ያገኝ ነበር፤ የኔትወርኩን ቁጥሮች ግን አንብቦ የሚረዳ ሰው የለም።

ቴብልቤዝ የሚባለው መዝገብ ከዚህ ይለያል። እርሱ ግምት አይደለም። ከቼክሜት ተነሥቶ ወደ ኋላ እየተቆጠረ፣ ነገሥታቱን ጨምሮ እስከ ሰባት ጠጠር ለሚቀርበት አቀማመጥ ሁሉ ትክክለኛውን ውጤት ይዟል። ሲዚጂ የተባለው መዝገብ ለአምስት ጠጠር ከ1 ጊጋባይት ያንሳል፤ ለስድስት 150 ጊጋባይት ገደማ፣ ለሰባት 17 ቴራባይት ገደማ ይሆናል። ሩክና ሁለት ወታደር፣ ከሩክና ከአንድ ወታደር ጋር ሲገጥሙ ሰባት ስለሚሆኑ መዝገቡ ውስጥ ናቸው። በውድድር ዘወትር የሚያጋጥመው የአራት ወታደር ለሦስት የሩክ ፍጻሜ ግን 11 ጠጠር ነው፤ እዚያ ላይ የምናየው ቁጥር እንደገና ግምት ነው። ተመልካቹ ሁለቱን በምን ይለያል? ዘንጉ እንደሆነ ያው አንድ ዘንግ ነው።

የቁጥሩ ትርጉምም ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ከወጣው ስቶክፊሽ 15.1 ወዲህ 1.00 ማለት የአንድ ወታደር ብልጫ ማለት አይደለም፤ ኢንጂኑ ከራሱ ጋር ቢጫወት የማሸነፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው ማለት ነው። እንግዲህ ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ሁለት ማሽኖች ነው። ላብ ስላጠመቀውና ሰዓቱ ስላለቀበት ሰው አንዳች አይናገርም።

ዱባይ ላይ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 3 ቀን 2021 የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። በዓለም ሻምፒዮና ስድስተኛ ጨዋታ ካርልሰን በሩክ፣ በፈረስና በሁለት አላፊ ወታደሮች፣ ኔፖምኒያቺ በንግሥት ብቻ ቀሩ። ሰባት ጠጠር! መዝገቡ አቻ ነው ይል ነበር። ከሰባት ሰዓት በላይ ከተጫወተ በኋላ ኔፖምኒያቺ በ130ኛው እርምጃ ንግሥቱን የማይሆን ቤት ላይ አኖረ፤ በ136ኛው እጁን ሰጠ። በሻምፒዮናው ታሪክ ረጅሙ ጨዋታ ይኸው ነው። ተመልካቹ ስልኩን አይቶ ስሕተቱን በአንድ ሰከንድ ዐወቀ። ዕውቀት ይህ ነውን?

እርግጥ ነው፣ ኢንጂንም መዝገብም ዛሬ በነጻ ይገኛሉ፤ አሠልጣኝ ላጣ ወጣት ይህ ቀላል ጸጋ አይደለም። ጠቡ ከመሣሪያው ጋር አይደለም። ዜሮና ዜሮ እኩል አይደሉም፤ አንዱን ጀማሪ ይጠብቀዋል፣ ሌላው በየእርምጃው አንድ ብቻ የሚያድን መልስ ይጠይቃል። ስለዚህ ስርጭቱን የሚያዘጋጁትን አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ሰባት ጠጠር ሲቀር ዘንጉን ይሰውሩልን። በምትኩ ተከላካዩ ካሉት እርምጃዎች ስንቱ አቻ እንደሚያወጣው ያሳዩን። መዝገቡ ይህን መቁጠር አያቅተውም።