«ፍሪሲዮኑ አዲስ ነው» ስንት ብር ያወጣል?

አንድ ወዳጄ ባለ ሁለት በር አሮጌ ስፖርት መኪና ገዛ። ቀለሟ ይስባል፣ ጎማዋ ሰፊ ነው፣ ሞተሯ ሲነሣ ሰፈር ይሰማል። ደላላው «ፍሪሲዮኑ አዲስ ነው» አለ፤ ወዳጄም ለዚያች ቃል ዋጋ ጨመረ። በሦስተኛው ሳምንት ከለገሃር ወደ ፒያሳ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ሲወጣ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን አትራመድም።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጽሑፍ ያገለገለ መኪና ገበያን ምሳሌ አድርጎ ነበር። ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ ካላወቀ፣ ገዢው ለደኅናውም ለብልሹውም አንድ መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል፤ ደኅና መኪና ያለውም ገበያውን ትቶ ይሄዳል። በ2001 ኖቤል ተሸለመበት። የእኛን አገር ደላላ ያየ ሰው አይመስልም፣ ግን አውቆታል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ሲወስን ደግሞ ነገሩ ባሰ፦ አዲስ ካልገባ ጉድለቱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል።

ፍሪሲዮን ተደብቆ የሚኖር ዕቃ ነው። ካምቢዮ ሳይወርድ አይታይም፤ የሚከፈለውም ገንዘብ ብዙው ለጉልበት ነው። በካቦ የሚሠራ ከሆነ ፔዳሉ ከፍ ብሎ መያዙ ሸራው ማለቁን ይጠቁማል። በፍሬን ዘይት የሚሠራው ግን ራሱን ስለሚያስተካክል እግርን ያታልላል። ስለዚህ ሽቅብ መንገድ ይፈልጉ። በአራተኛ ማርሽ በዝግታ እየሄዱ ነዳጁን አጥብቀው ይርገጡ፤ የሞተሩ ዙር ሽቅብ ዘሎ ፍጥነቱ ካልተከተለው ሸራው ይንሸራተታል። ፔዳሉ ሲረገጥ የሚያፏጭ ከሆነ ኩሽኔታውን ይጠርጥሩ። የኋላ ማርሽ እየተንጫረረ የሚገባ ከሆነ ፍሪሲዮኑ በሚገባ አይለቅም፤ የዘይት ፍሳሽ ይፈልጉ።

ብዙዎቻችን የምንዘነጋው ሌላ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በሣሣው አየር ጉልበቱን አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ወደ አዋሽ ሲወረድ ጉልበቱ ይመለሳል። እዚህ የያዘ ሸራ እዚያ ሊንሸራተት ይችላል። ሜዳ ላይ፣ ቦሌ መንገድ ላይ ብቻ የተሞከረ መኪና አልተሞከረም።

የወዳጄ ካምቢዮ ወረደ። ደላላው አልዋሸም ነበር! ሸራው እውነትም አዲስ ነው፤ ግን ዘይት ጠጥቷል። ከሞተሩ ጀርባ ዘይት የሚይዘው ጎማ አርጅቶ እያለ፣ ካምቢዮውን ያወረደው ሰው በርካሽ ዕቃ ቆጥቦ መልሶ ገጥሞታል። ወዳጄም ሸራውንም ጉልበቱንም ዳግመኛ ከፈለ።

እንግዲህ ገዢው «አዲስ ነው?» ብሎ መጠየቁን ይተው። ከሸራው ጋር የሚጫነው ብረትና ኩሽኔታው አብረው ተቀይረዋል? ሸራው የሚያርፍበት ከባድ ብረት ቶርኖ ቤት ታይቷል? የዘይት ጎማውስ? ደረሰኙ ይታይ። ደረሰኝ ከሌለ፣ ሙሉ የፍሪሲዮን ሥራ ከነጉልበቱ ስንት እንደሚያስወጣ ከሁለት ጋራዦች ጠይቆ ከዋጋው ላይ ይቀንስ። ሻጭ ሊቆጣ ይችላል፤ ይቆጣ።

ደላሎችም ቅር አይበላችሁ። የተቀየረውን ዕቃ ዝርዝር በሽያጭ ውሉ ላይ አስጽፎ የሚያስፈርም ደላላ ካለ፣ እኔ ኮሚሽኑን ሳልከራከር እከፍለዋለሁ።