የሚያስፈራኝ ዘንዶው አይደለም

የነቀምቴ ወጣቶች «ጌም ኦፍ ትሮንስ»ን በስልካቸው ሲያዩ አንዳንድ አገልጋዮች የሚገሥጹት ዘንዶውንና ጥንቆላውን ነው። እርቃኑንና ደሙን እኔም ለልጆቼ አልመርጥም። ግን ዋናውን ስተናል ባይ ነኝ።

ዴነሪስ ባሪያዎችን ነፃ እያወጣች መጣች፤ በ2019 እ.ኤ.አ. በታየው የመጨረሻው ምዕራፍ ግን የእጅ መስጠት ደወል ከተደወለ በኋላ ከተማዋን ከነሕዝቧ አቃጠለች። ብዙዎች «ድንገት ተለወጠች» ብለው ተቆጡ። ምን ድንገት አለው? «ዙፋኑ የእኔ ነው» የሚለው ከመጀመሪያው በልቧ ነበር፤ ነፃ የወጡት ሰዎች እልልታ ሸፈነው እንጂ።

ይህን ለማየት ዘንዶ አያስፈልግም። አዶንያስ አባቱ ዳዊት በሕይወት ሳለ ለንግሥና ሠረገላ አዘጋጀ (1ኛ ነገ. 1)። የዘብዴዎስ ልጆች ጌታ ስለ ሞቱ ከነገራቸው በኋላ ቀኝና ግራውን ጠየቁ (ማር. 10)። ዲዮጥራጢስ ደግሞ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበር (3ኛ ዮሐ.)።

የሽማግሌዎች ምርጫ ሲቃረብ ከነቀምቴ እስከ ጊምቢ ስልክ የምንደዋወለው ለምንድን ነው? «የወንጌል ሸክም አለብኝ» እያልን ድምፅ ስንቆጥር የምናድር ስንቶች ነን? እኔ ራሴ ስሜ ከዝርዝሩ ቢቀር አንድ ሳምንት አኩርፌያለሁ። በዚያው እሑድ ስለ ትሕትና ሰብኬ ነበር።