ለሚኮላሸው ጠቦት ማደንዘዣ ይሰጥ

በዓል ሲቃረብ በሸዋ ሮቢትና በሰንበቴ ገበያ ተፈላጊው ሙክት ነው። በግም ሆነ ፍየል፣ ተኮላሽቶ የተቀለበ ስብ ይይዛል፣ ረጋ ይላል፣ አውራ አውራም አይሸትም። ማኮላሸት ለዚህ ለይፋት አካባቢ አርቢ የሚሰጠውን ጥቅም አንክድም። የምንቃወመው ያለ አንዳች የሕመም ማስታገሻ መሠራቱን ነው።

በየመንደሩ ጠቦቱ እግሩ ታስሮ የዘር ፍሬው ገመድ በድንጋይና በእንጨት ይቀጠቀጣል። ባለሙያ ከተገኘ ደግሞ ቡርዲዞ በሚባለው ገመዱን በሚጨፈልቅ መቆንጠጫ ይሠራል። ቡርዲዞ ቆዳ ስለማይቀድ ቁስል አይከፍትም፤ ዝንብ በሚበዛበት ቆላ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሕመሙን ግን አያስቀርም፤ የሚጨፈልቀው ነርቭ ያለበትን ገመድ ነውና። ጠቦቱ ይተኛል፣ ይነሳል፣ መሬት ይረግጣል፣ መኖ ይተዋል። አለመጮኹ ሊያታልለን አይገባም፤ በግ ሕመሙን የሚደብቅ እንስሳ ነው።

ነገሩን የሚያከፋው ዕድሜ ነው። ብዙ አርቢ በጉ አካሉ እስኪጠና፣ አንዳንዴም ዘር እስኪሰጥ ይጠብቃል። ምክንያቱ ይገባናል፤ ሆኖም እንስሳው ባደገ መጠን ሥራው ይከብዳል። በእንግሊዝ ሕግ ያለ ማደንዘዣ በጎማ ቀለበት ማኮላሸት የሚፈቀደው ግልገሉ በተወለደ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ነው። 3 ወር ካለፈው ማደንዘዣ ግዴታ ነው፤ የሚሠራውም የእንስሳት ሐኪም ነው።

ሰው መድኃኒት በሚያጣበት አገር ለበግ ማደንዘዣ ቅንጦት ነው የሚል ይኖራል። አንስማማም። እስልምና ለእርድ እንኳ ቢላው ይሳል ብሎ ያዛል፤ ለእንስሳ መራራት ለዚህ አገር ሕዝብ እንግዳ አይደለም። ማደንዘዣው ሊዶካይንም ጥርስ ሲነቀል የሚወጋው መድኃኒት ነው፤ ተወግቶ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ብቻ ይጠይቃል። ማደንዘዣው ሲለቅ ለሚመጣው ሕመም ሜሎክሲካም አለ። መጠኑን ግን ባለሙያ ይወስን፤ ሊዶካይን ለትንሽ ጠቦት ከበዛ ይገድላል። ሜሎክሲካም የተሰጠው በግም መድኃኒቱ ከሰውነቱ የሚወጣበት ጊዜ ሳያልፍ መታረድ የለበትም።

ስለዚህ የቀወት ወረዳና የአጎራባች ወረዳዎች ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ቡርዲዞ ይዞ የሚወጣ ባለሙያ ማደንዘዣም ይዞ እንዲወጣ ያድርጉ፤ የመድኃኒቱም ዋጋ በአገልግሎት ክፍያው ይካተት። የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ለቆላው አርቢ የሚስማማውን ዕድሜና አሠራር በመስክ ያሳይ። አርቢዎችም ድንጋዩን ተዉት፤ ጠቦቱን ገና ሳያድግ ወደ እንስሳት ጤና ኬላ ውሰዱት፣ ማስታገሻም ጠይቁለት።