ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የትኛው ይመረጣል?

ልጁን ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አሜሪካ ለመላክ የሚያስብ ነጋዴ፥ ዕቃ ሲገዛ እንደሚያደርገው ሁሉ፥ ስሙን ብቻ ሳይሆን ዋጋውንና ጥቅሙን ማመዛዘን ይገባዋል።

ከግሎቹ ወገን እኛ የምንመርጠው በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1636 የተመሠረተውን ሐርቫርድን ነው። ምክንያታችን ዝናው አይደለም። ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚያመለክት የውጭ አገር ተማሪን እንኳ የገንዘብ አቅሙን ሳይመለከት መርጦ፥ ከቤተ ሰቡ አቅም በላይ የሆነውን ወጪ ስለሚሸፍንለት ነው።

ከመንግሥቶቹ ወገን ደግሞ ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲን እናስቀድማለን። በ1952 በተደረገው ስምምነት መሠረት መምህራኑን ልኮ የዓለማያን የእርሻ ኮሌጅ በማቋቋም የረዳን እርሱ ነውና። ሆኖም በእንዲህ ያለው ዩኒቨርሲቲ ዝቅተኛው ክፍያ ለግዛቱ ነዋሪዎች የተወሰነ ነው፤ የውጭ ተማሪ ከዚያ እጅግ የበለጠ ይከፍላል።

እንግዲህ የመንግሥት የተባለው ሁሉ ርካሽ፥ የግል የተባለውም ሁሉ ለባለጸጋ ብቻ ነው ማለት አይገባም። ውጤቱ እጅግ ከፍ ያለ ልጅ ሐርቫርድን ይሞክር። እርሻንና ከብት እርባታን ለሚሻ ግን፥ ወላጁ አቅሙ ካለው፥ ለኦክላሆማ የሚወጣው ገንዘብ አይባክንም፤ ወደ ውጭ የምንልከው ቡና፥ የቅባት እህልና ቆዳ የሚገኘው ከዚያው ከእርሻና ከከብት ነውና።