ስለ ፀጉሩ ተቆጣን፤ ስለ እጁ ዝም አልን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከጅጅጋ ወደ ደጋህቡር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በቀብሪበያ የምንኖር ኦርቶዶክሳውያን ቁጥራችን ብዙ አይደለም። ቁጥራችን አነስተኛ በመሆኑ ከቅዳሴ በኋላ ቶሎ አንበታተንም፤ ጠበል ጸዲቅ ቀምሰን፣ ተጨዋውተን፣ የታመመውን ጠይቀን ነው የምንለያየው። ሁላችንም እንተዋወቃለን። ስለዚህ በእኛ መካከል «አላወቅሁም ነበር» የሚል ምክንያት ብዙ አያስኬድም። ይህን አስቀድሜ የማነሣው ያለ ነገር አይደለም፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ባለፈው ክረምት ሰንበት ትምህርት ቤታችን ለፈተና የሚቀመጡ ተማሪዎችን ለመሸኘት አንድ መርሐ ግብር አዘጋጅቶ ነበር። ምክር እንዲሰጡ የተጋበዙት በመምህርነት ሙያ ብዙ ዘመን ያገለገሉ፣ ዕድሜያቸው ሰባ የደረሰ አባት ናቸው። ስለ ትምህርት ጥቅም ሲናገሩ ቆይተው በመካከሉ የድምፃዊ ዓለማየሁ እሸቴን «ተማር ልጄ» አነሡ። አባት ልጁን የሚመክርበት ያ ዜማ እርሳቸው በተማሪነታቸው ዘመን ስንቱን እንዳበረታታ ተናገሩ። ከወጣቶቹ አንዱ እጁን አወጣና «አባታችን፣ በዐውደ ምሕረት አጠገብ የዘፋኝ ስም ማንሣት ተገቢ ነውን?» ሲል ጠየቀ።

እኒህ አባት አልተቆጡም። ፈገግ ብለው እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ እኔም ያኔ የዚያን ሰው ፀጉር አይቼ ፀጉሬን ባሳድግ አባቴ በአርጩሜ ገርፈውኛል። ‹ይህ ፈረንጅ የሚመስል ልጅ ወጣቱን አበላሸ› ይሉ ነበር። ዛሬ እኔ በዚያው ሰው ድምፅ እናንተን እመክራለሁ። እግዚአብሔር ዕድሜ ሲሰጥህ ብዙ ነገር ታያለህ።»

ጉባኤው ሳቀ። ጥያቄው ግን በሳቅ የሚዘጋ አልነበረምና ጥቂት እንመልከተው።

ዓለማየሁ እሸቴ በ1933 ዓ.ም. ተወልዶ ነሐሴ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በ80 ዓመቱ በአዲስ አበባ ያረፈ ድምፃዊ ነው። በወጣትነቱ የአሜሪካውን የሮክ ኤንድ ሮል ዘፋኝ የኤልቪስ ፕሪስሊን ዜማዎች እየተጫወተ በፖሊስ ኦርኬስትራ መድረክ ላይ ታየ። አለባበሱና የፀጉር አያያዙ፣ በመድረክ ላይ መወዛወዙ ሁሉ ለዚያ ዘመን ሰው እንግዳ ነበር። አንዳንዶች «የኢትዮጵያው ኤልቪስ»፣ ሌሎች ደግሞ «የኢትዮጵያው ጄምስ ብራውን» አሉት። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ጊዜ፣ አምኃ እሸቴ የተባለ ወጣት በ1969 እ.ኤ.አ. በድፍረት የራሱን የሸክላ ድርጅት ሲያቋቁም በመጀመሪያ ያሳተመው የዓለማየሁን ሥራ ነው። ሁለቱ በአባት ስም ቢመሳሰሉም ዘመድ አልነበሩም። ከአቀናባሪው ከግርማ በየነ ጋርም «ዓለም ግርማ» የተባለውን ባንድ መሥርቷል። የደርግ ዘመን ሲመጣ የሰዓት እላፊው ገደብ የሌሊቱን ሙዚቃ ዘጋው፤ አምኃ ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ ዓለማየሁ ግን ከሀገሩ አልወጣም። ኋላም ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ ዘጠነኛውን ቁጥር ለእርሱ ሥራዎች ሲያደርገው ዓለም እንደገና ሰማው።

በዚህ ሰው ላይ የቀረበው ክስ ምን ነበር? «የባዕድ ባህል አመጣ፤ ፀጉሩን አሳደገ፤ ወጣቱን አስኮበለለ» የሚል ነው። ክሱ ሁሉ ከንቱ ነበር አልልም። ባህሉን የሚወድ አባት ልጁ ሌላ ሰው መስሎ ሲገባ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ነገር ግን ዓለማየሁ ራሱ በቃለ መጠይቅ እንደተናገረው፣ እንደ አሜሪካዊ ለብሶ የኤልቪስን ዜማ ሲጫወት ከነበረው ይልቅ ሕዝቡ እጅግ የወደደው በአማርኛ መዝፈን ሲጀምር ነው። መሣሪያው የውጭ ቢሆንም ምክሩ የሀገር ቤት አባት ምክር ሆነ። ያ የተወቀሰ ፀጉር ዛሬ ትዝታ ብቻ ነው፤ «ተማር ልጄ» ግን እስካሁን በየቤቱ አለ።

በዚህ ቦታ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ዘፈን መዝሙር ነው እያልኩ አይደለም። ማኅሌቱን ያስተማረን ቅዱስ ያሬድ ነው፤ ከበሮውና ጸናጽሉም ሥርዓት አላቸው። ቤተ ክርስቲያን ስለ ዘፈን የምታስተምረው የታወቀ ነው፤ ጥያቄ ያለው የንስሐ አባቱን ይጠይቅ። የእኔ ጉዳይ ሌላ ነው። ስለ አንድ አወዛጋቢ ሰው ስንናገር የምንመዝንበት ሚዛን እውነተኛ ነውን? ይህን ያስነሣው ደግሞ በዚያው ቀን የተጠየቀ ሌላ ጥያቄ ነው።

ከኋላ የተቀመጠች አንዲት እኅት ተነሥታ እንዲህ አለች፦ «ስለ ፀጉርና ስለ ልብስ ብዙ ተባለ። ሰው ድምፁ መልካም ሆኖ፣ በቤቱ ግን ሚስቱን የሚደበድብ ቢሆንስ? ቲና ተርነር ስትሞት ታሪኳን አንብቤ ነበር። የባሏን ሥራ እንዴት እንስማው?»

በጉባኤው ውስጥ ዝምታ ሆነ። ስለ ፀጉሩ ሁላችንም አስተያየት ነበረን፤ በዚህኛው ጥያቄ ግን አንገታችንን ደፋን።

ላልሰማው ልንገረው። አይክ ተርነር በሚሲሲፒ ግዛት የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ሙዚቀኛ ነበር። በ1951 እ.ኤ.አ. ከባንዱ ጋር በሜምፊስ ከተማ የቀረጸውን «ሮኬት 88» የተባለ ሥራ ብዙ የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊዎች ከመጀመሪያዎቹ የሮክ ኤንድ ሮል ሸክላዎች አንዱ፣ አንዳንዶቹም የመጀመሪያው ነው ይሉታል። ነገር ግን ሸክላው የወጣው በባንዱ ድምፃዊ በጃኪ ብሬንስተን ስም ስለነበር ጀማሪነቱ ሳይነገርለት ብዙ ዘመን አለፈ። ኋላ ከሚስቱ ከቲና ጋር በዓለም መድረክ ታወቀ። በቤት ውስጥ ግን ለዓመታት ይደበድባት ነበር። በ1976 እ.ኤ.አ. በዳላስ ከተማ ከድብደባ በኋላ ከሆቴል አምልጣ ስትወጣ በእጇ የነበረው 36 ሳንቲም ብቻ እንደነበረ ተናግራለች። ሲፋቱም ከሀብቱ ይልቅ የመድረክ ስሟ እንዲቀርላት ጠየቀች። እርሱም በዝርዝሩ ቢከራከርም መምታቱን አልካደም። በ1991 እ.ኤ.አ. ሁለቱ በሮክ ኤንድ ሮል የዝና መዝገብ ሲካተቱ እርሱ በአደንዛዥ ዕፅ ጉዳይ ወኅኒ ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. ሲሞትም የሞቱ ምክንያት ኮኬይን ነበር።

እነሆ ሁለት አወዛጋቢ ጀማሪዎች። ዓለማየሁ የተወቀሰው በመልኩና በልማዱ ነው፤ እንዲህ ያለው ወቀሳ ዘመን ሲለወጥ አብሮ ይለወጣል። አይክ የተወቀሰው ግን በሰው ላይ ባደረሰው ግፍ ነው፤ ይህ በዘመን ርዝመት አይቀልም። እኛ ሁለቱንም «አወዛጋቢ» በሚል አንድ ቃል እንጠራቸዋለን። ይባስ ብሎ የምንጮኸው በቀላሉ ላይ ነው፤ በከባዱ ላይ አንደበታችን ይታሰራል። ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት ዘፋኝነትን ከሥጋ ሥራዎች ጋር እንደቆጠረው ሁላችንም በቃላችን እናውቃለን። በዚያው ዝርዝር ውስጥ፣ ከእርሱም አስቀድሞ፣ ጥልና ቁጣ መቆጠራቸውን ግን ስንቶቻችን እናስታውሳለን?

«ታዲያ ሥራውን እንጣለው ወይስ እንያዘው?» የሚል አለ። ለዚህ ቤተ ክርስቲያናችን ከማንም ዓለማዊ ተሟጋች የተሻለ መልስ አላት። ዘወትር የምንደግመውን መዝሙር የዘመረው ልበ አምላክ ዳዊት ነው። እርሱ ግን በኦርዮ ቤት የሠራውን እናውቃለን፤ እንድናውቅም ሆኖ ተጽፏል። ቅዱሳት መጻሕፍት «ታላቅ ባለ መዝሙር ነውና ይሸፈንለት» አላሉም። ነቢዩ ናታን ንጉሡ ፊት ቆሞ ተናገረ። በንስሐ የምናነባው ሃምሳኛው መዝሙር እንኳ በርእሱ ላይ ያንኑ በደል ይዞ ነው የቆመው። ከዚህም በላይ ቅዱስ ማቴዎስ የጌታን የትውልድ ሐረግ ሲጽፍ የሰሎሞንን እናት በኦርዮ ስም ነው የጠራት። ከሺህ ዓመት በኋላ የተበደለው ሰው ስም አልጠፋም። መዝሙሩም አልተጣለም፣ በደሉም አልተደበቀም፣ የተበደለውም አልተረሳም። የዳዊት ታላቅነት ናታን በተናገረው ጊዜ «በድያለሁ» ማለቱ ነው። አይክ ተርነር በመጨረሻ ሰዓቱ ከፈጣሪው ጋር ምን እንደተነጋገረ የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው፤ ፍርዱም የእርሱ ነው። ታሪኩን ስንናገር ግን የፈጠረውን ዜማና የሚስቱን እንባ አብረን መናገር የእኛ ግዴታ ነው።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ እርሱ ነውና። ከብዙ ዓመታት በፊት በሌላ ከተማ በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት የአገልግሎት ኃላፊ ነበርኩ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጉዳዮች ወደ እኛ መጡ። አንደኛው ፀጉሩን ያሳደገና በሰርግ ቤት ጊታር የሚጫወት ወጣት ነበር። ሦስት ጊዜ ተሰብስበን መከርን፤ በመጨረሻም ከመዘምራን አሰናበትነው። ሁለተኛዋ የአንድ ድምፀ መልካም ዘማሪ ሚስት ነበረች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ መጣች፤ ስትገልጠው ጉንጯ አብጦ ነበር። ስለ እርሷ አንድ ጊዜ እንኳ አልተሰበሰብንም። በዓሉ ቀርቦ ነበር፤ ያለ እርሱ ድምፅ መዝሙሩ አያምርም ነበር። «እኅታችን፣ ታገሺው፤ ጸልዪለት፤ ገበናሽን አታውጪ» ብዬ የመለስኳት እኔ ነኝ። በበዓሉ ዕለት እርሱ ከፊት ቆሞ ዘመረ፤ ሕዝቡም እልል አለ። እርሷ ከዚያ በኋላ አልመጣችም፤ ጊታር ይጫወት የነበረው ወጣትም አልተመለሰም። እኔ ግን ያን ቀን «ጥሩ አገልግሎት ነበር» ብዬ ወደ ቤቴ ገባሁ።

«ሴምና ያፌት የአባታቸውን የኖኅን ዕራቁት ሸፈኑ እንጂ አላወሩም» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ያኔ እኔም ራሴን ያጽናናሁት በዚህ ነበር። ዳሩ ግን ኖኅ ሰክሮ ያዋረደው ራሱን ነው፤ ማንንም አላቆሰለም። የአባትን ድካም መሸፈን በጎነት ነው። የሚደበድብን እጅ መሸፈን ግን የሚደበደበውን ሰው በልብሱ ሥር ማፈን ነው። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለዚህ ነው። ዝምታችን በዳዩንም አይጠቅመውም፤ የንስሐን በር ይዘጋበታል። ቅዱስ ጴጥሮስ ባሎች ሚስቶቻቸውን እንዲያከብሩ ሲያስተምር ጸሎታቸው እንዳይከለከል ብሎ ነውና፣ በቤቱ እጁን የሚያነሣ ዘማሪ መዝሙሩ ወዴት እንደሚደርስ ያስብ። እኛም ድምፁን ስለምንፈልገው ብቻ ነፍሱን እንዳንበድል እንጠንቀቅ።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ስለ ሙዚቀኛም ሆነ ስለ አገልጋይ ስንናገር ሙሉውን እንናገር። ጀማሪ ከሆነ ጀማሪነቱን አንንፈገው፤ ሰው ከበደለም የተበደለውን ሰው በስሙ እናስታውስ። ፀጉሩን ያሳደገውን ወጣት ለብቻው ጠርተን በፍቅር እንምከረው እንጂ ከበር አንመልሰው፤ ምናልባት ነገ ልጆቻችንን የሚመክረው እርሱ ይሆናል። የተደበደበች እኅት ስትመጣ ደግሞ «ታገሺ» ከማለታችን በፊት እንስማት፤ ከጉዳት የምትጠለልበትን ቤት እንፈልግላት፤ ለንስሐ አባቷ እናድርስ፤ ሕግ የሚገባበት ከሆነም ወደ ሕግ ስትሄድ አብረናት እንሂድ። እጁን ያነሣው ዘማሪ በንስሐ እስኪመለስ ከመዘምራን ፊት ይነሣ። በዓሉ በጥቂት ድምፅ ቢከበር እግዚአብሔር አይቀየመንም።

በመጀመሪያ እንዳልኩት በቀብሪበያ እኛ ጥቂቶች ነን። በርካታ ሕዝብ ባለበት ከተማ አንዱ የሌላውን ጩኸት ሳይሰማ ሊያልፍ ይችል ይሆናል። እኛ ግን ማን በማለዳ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ እንደገባች እናያለን። ያን ቀን የጠየቀችው እኅት ጥያቄዋን ከጨረሰች በኋላ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ስለ ቲና ተርነር ብቻ መጠየቋ ይሁን አይሁን አላውቅም። በዚያ ምሽት ግን ከሴቶቹ ታላላቅ አገልጋዮች አንዷን ይዤ ወደ ቤቷ ሄጄ በሯን አንኳኳሁ። ከብዙ ዓመታት በፊት ላንኳኳው ሲገባኝ ያላንኳኳሁት በር ነበርና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።