የጥንት ግንብና የዘመኑ ሆቴል

በመቀሌ ከተማ በኮረብታ ላይ ቆሞ የሚታየውን፣ ደጃዝማች አብርሃ አርአያ ያሠሩትን የድንጋይ ግንብ የማያውቅ ነጋዴ በመካከላችን አይገኝም። ይኸው ግንብ በኋላ ዘመን ሆቴል ሆኖ ለብዙ ዓመታት እንግዳ አሳድሯል። በኢጣልያዊው በጃኮሞ ናሬቲ መሪነት በ1870ዎቹ ዓ.ም. የታነጸው የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ቤተ መንግሥት ደግሞ ሙዚየም ሆነ። እንግዲህ የጥንትን ሕንጻ ለመጠበቅ ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ ለተመልካች ማቆየት፣ ሁለተኛው እየተገለገሉበት መንከባከብ ነው። የዛሬው ነገራችን ስለ ሁለተኛው ነው።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የቆየው ጦርነት የእንግዳን እግር ከከተማችን ቆርጦ ነበርና፣ በሆቴል ሥራ ላይ ገንዘቡን ያዋለ ሰው ኪሳራውን ፈጥኖ ለመመለስ ቢሻ አይፈረድበትም። ነገር ግን አልጋና ምግብ በማናቸውም አዲስ ፎቅ ይገኛል፤ በሌላ ሥፍራ የማይገኘው ጥንታዊው ግንብ ነው። ስለሆነም ግንቡ የባለሆቴሉ ዋና ገንዘብ ነው። ክፍል ለማብዛት ሲል ግድግዳውን የሚያፈርስ ሰው ከትርፉ ሳይሆን ከዋናው ይበላል።

ይህ ማለት እንግዳው ያለ ሙቅ ውሃና ያለ በቂ መብራት ይደር ማለት አይደለም። ወጥ ቤቱ፣ የልብስ ማጠቢያው፣ ጄኔሬተሩና የውሃ ማጠራቀሚያው በግቢው ውስጥ በሚሠራ ሌላ ቤት ይሁኑ። 1 ሺህ ሊትር ውሃ 1 ቶን ይመዝናልና፣ የውሃ እጥረት ባለበት ከተማችን ትልቅ ታንከር በአሮጌ ጣሪያ ላይ መስቀል አደገኛ ነው። መታጠቢያ ቤቱም ወደፊት ያለ ጉዳት ሊነሣ በሚችል ቀላል ግድግዳ ይከፈል። ሲሚንቶ ከመሰቦ፣ ከደጃችን፣ ይገኛል፤ ለአዲስ ሕንጻም ተገቢ ነው። በጭቃ ወይም በኖራ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ ግን በሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ መውጫ ያጣል፣ ድንጋዩም ይበላል። ለእንዲህ ያለው ግድግዳ የሚስማማው ኖራ ነው።

ይህ ሥራ በሌላም ሀገር ተፈትኗል። የእስፓኝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1928 በጀመረው የፓራዶር ሆቴሎች ሥራ ብዙ የጥንት ምሽጎችና ገዳማት የእንግዳ ማረፊያ ሆነዋል። በህንድ ሀገር በኡዳይፑር፣ በሐይቅ መካከል ያለው ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1963 ሆቴል ሆኗል። በሀገራችን ግን የአዲስ አበባው ጣይቱ ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በእሳት ተጐድቷል። የእንጨት ወለልና ደረጃ ያለው አሮጌ ቤት የኤሌክትሪክ መሥመሩ በየጊዜው እንዲመረመር፣ የእሳት ማጥፊያውም ዝግጁ እንዲሆን ይህ አደጋ በቂ ማስጠንቀቂያ ነው።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስነት በተመዘገበ ሕንጻ ላይ ያለ ፈቃድ የመለወጥ ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላል። ባለሀብቱ ይህን እንደ መሰናክል ሳይሆን እንደ ዋስትና ቢቆጥረው ይጠቀማል፤ ሕጉ የሚጠብቀው የራሱን ዋና ገንዘብ ነውና።

ክቡራን ነጋዴዎች ሆይ፤ ጥቅሙ የባለሆቴሉ ብቻ አይደለም። ግንቡን ብሎ የመጣ እንግዳ ማሩንም፣ ጥልፉንም፣ የብር ጌጡንም ከባለሱቁ ይገዛል። አስመጪውም ለአሮጌ ቤት የሚስማማ የመብራትና የቧንቧ ዕቃ ቢያመጣ ገበያ ያገኛል። የፈረሰ ግንብ ግን በማናቸውም የውጭ ምንዛሪ ከባሕር ማዶ አይመጣም። ስለዚህ ከማፍረስ አስቀድሞ ሒሳቡ በሚገባ እንዲታሰብ በትሕትና እናሳስባለን።