ስግድ፥ ወይም የበዓል ቀን ጸሎት

ባለፈው ኅዳር በዚህ በጮሌ፥ ወላጆች በገብስ አጨዳ ላይ ሳሉ፥ እኛ ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ጋር የነህምያን መጽሐፍ 8ኛ ምዕራፍ እናነብ ነበር። አንድ ልጅ ብድግ ብሎ፥ «መምህር፥ አይሁድ በበዓላቸው ቀን የሚጸልዩት ጸሎት ኃይል አለው?» ሲል ጠየቀን። ገና መልስ ሳንሰጥ ሌላው ልጅ ከኋላ ሆኖ፥ «በጎንደር የነበሩት ቡዳ ናቸው ይባላል» አለና ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኛ ግን አልሳቅንም፤ ይህን ቃል ልጁ ከቤት እንጂ ከመጽሐፍ እንዳላገኘው እናውቃለንና።

እንግዲህ ስለ ጥያቄው ለልጆቹ የነገርናቸውን ለእናንተም እንነግራችኋለን።

ቤተ እስራኤል «ስግድ» የሚሉት በዓል አላቸው፤ «ምህላ» ተብሎም ይጠራል። ሁለቱም ስሞች ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደሉም። በዓሉ ከአስተስርዮ ጾም በኋላ በ50ኛው ቀን ስለሚውል፥ በእኛ አቈጣጠር በጥቅምት መጨረሻ ወይም በኅዳር ይደርሳል። በጎንደር አገር በአምቦበር ይከበር በነበረበት ጊዜ፥ ሕዝቡ ገላውን ታጥቦ፥ ንጹሕ ልብስ ለብሶ፥ እህል ሳይቀምስ ካህናቱን ተከትሎ ወደ ተራራ ይወጣ ነበር። ብዙዎችም የትሕትና ምልክት አድርገው ድንጋይ ይሸከሙ ነበር። ከተራራው ላይ ቄሶቹ ኦሪቱን በግእዝ ያነቡና ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ይተረጕሙለታል። ሕዝቡም ኃጢአቱን እየተናዘዘ፥ ወደ ኢየሩሳሌም እየተመለከተ ይሰግዳል። ከቀትር በኋላ ግን በዝማሬና በእልልታ ወርዶ በአንድነት ይበላል፥ ይጠጣል።

ይህ ሥርዓት መሠረቱ ከነህምያ መጽሐፍ ነው። በዚያ ዘመን ከምርኮ የተመለሰው ሕዝብ በውሃው በር አደባባይ ተሰብስቦ፥ ወንድና ሴት ሳይለይ ከማለዳ እስከ ቀትር ሕጉን ሰማ። የሰማውም ነገር ልቡን ስለ ነካው አለቀሰ። ዕዝራና ነህምያ ግን ቀኑ የተቀደሰ ነውና አታልቅሱ አሉት፤ ሄዶም እንዲበላና እንዲጠጣ፥ ምንም ላልተዘጋጀለት ሰው ደግሞ ድርሻውን እንዲልክለት አዘዙት። ኋላም በዚያው ወር ጾሞ ኃጢአቱን ተናዘዘ። እንግዲህ የበዓል ጸሎት ኃይል በእነዚህ ነገሮች ይታወቃል፤ ይኸውም ከመናገር በፊት መስማት፥ በሌላው ከመፍረድ በፊት ራስን መውቀስ፥ ከጸሎትም በኋላ ለሌለው ማካፈል ነው።

ቤተ እስራኤል ርስት ተነፍገው፥ የሰው መሬት በጥገኝነት እያረሱ፥ በአንጥረኝነትና በሸክላ ሥራ እየኖሩ ይህን ጸሎት ለብዙ ዘመን ጠብቀው አቆይተዋል። ብዙዎቹ ወደ ኢየሩሳሌም ለመድረስ በሱዳን በኩል በእግራቸው ሲሄዱ፥ ወደ 4 ሺህ የሚገመቱት በመንገድና በመጠለያ ሰፈር አልቀዋል። በ1977 ዓ.ም. በሺህ የሚቈጠሩት ከሱዳን፥ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14 ሺህ የሚበልጡት በሁለት ቀን ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወሰዱ። በ2000 ዓ.ም. የእስራኤል ምክር ቤት ስግድን የአገር በዓል አድርጎ በሕግ ደነገገው። የሚያስደንቀው ግን የለመኑት ከተፈጸመላቸው በኋላም ጸሎቱ አለመቅረቱ ነው፤ ዛሬም በየዓመቱ የጥንቱን ከተማ ከፊት ለፊት በሚያሳይ ኮረብታ ላይ ተሰብስበው ይሰግዳሉ። እኛስ ስንቶቻችን ነን፥ የለመንነው ሲሰጠን ስእለታችንን የምንረሳ?

ልጆቹን ካሰናበትን በኋላ የራሳችን በደል ትዝ አለን። የቈሎ ተማሪ ሳለን፥ በአንድ የበዓል ዋዜማ አንዲት ሸክላ ሠሪ እናት ከደጃፋቸው ቆመው ትኩስ እንጀራ ዘረጉልን። እኛ ግን «ቡዳ ናቸው» ሲባል ሰምተን ነበርና፥ ርቦን ሳለ ሳንቀበል በሩጫ አለፍናቸው። ማታም ቆመን ዳዊት ደገምን። እኒያ እናት ላልተዘጋጀለት ድርሻውን ላኩ የተባለውን ፈጽመዋል፤ መጽሐፉን የያዝነው ግን እኛ ነበርን። በዚያች ሌሊት የማን ጸሎት ኃይል ነበረው?

ስለዚህ እናቶችና አባቶች ሆይ፤ መጪው በዓል ሲደርስ በጉና ጠላው ከመቅረቡ አስቀድሞ ቤተ ሰቡን ሰብስባችሁ ከመጽሐፍ ጥቂት አንብቡ፤ ትርጓሜውንም ልጆቹ በሚገባቸው ቃል ንገሯቸው። ቀጥላችሁም ጎረቤታችሁን ያማችሁበትንና የናቃችሁበትን አስባችሁ ይቅርታ ለምኑ። ማዕዱ ሲቈረስም የመጀመሪያውን ድርሻ፥ ሰው ለሚሸሸው ቤት በልጆቻችሁ እጅ ላኩ፤ ከዚያም ቤት ቢሰጧቸው ተቀብለው ይብሉ።

ለጠየቀን ልጅ የመለስንለት ይህ ነው፤ ጸሎትን የሚቀበል እግዚአብሔር ነው፥ የእኛ ፋንታ በሌላው ጸሎት ላይ መፍረድ ሳይሆን የራሳችንን መመርመር ነው። እርሱም ጥቂት አሰበና፥ «እንግዲያው ቡዳ የሚለውን ቃል ከቤታችን እናውጣ» አለን። ክፍሉም በዚህ ጊዜ አልሳቀም።

እግዚአብሔር አምላክ የምንጸልየውን የምንኖርበት ያድርገን፤ አሜን።